ዳክዬና ሹመት፦ የጥቅማ ጥቅም ጥናት መግቢያ

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ንድፈ ሐሳብ በአገራችን ለዘመናት ቢጠቀስም የሰነድ ማስረጃ አጥቶ ኖሯል። የእኛ ሰው ሲበላ ደረሰኝ የመያዝ ልማድ የለውም። ክፍተቱን የሞሉልን የእንግሊዝ የፓርላማ አባላት ናቸው፤ ዴይሊ ቴሌግራፍ እ.ኤ.አ. በሜይ 2009 የወጪ ሰነዶቻቸውን ዘርግፎ አተመው።

የአንድ አባል ዓመታዊ ደመወዝ ያኔ 64,766 ፓውንድ ነበር። ደመወዝ ግን ማንም ይበላል፤ ለተመራማሪ አይረባም። ዋናው የሁለተኛ ቤት አበል ነው። ከምርጫ ክልሉ ለንደን የሚመላለስ ተወካይ ማደሪያ ያስፈልገዋል ተብሎ የተፈቀደ ሲሆን፣ ለምግብ በወር እስከ 400 ፓውንድ ያለ ደረሰኝ ይጠየቅበት ነበር። የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሯ ካቀረቧቸው ወጪዎች አንዱ የ88 ፔኒ የመታጠቢያ ገንዳ ውታፍ ነው። መቼም የአገር ጸጥታ የሚያስከብሩ ሰው የሚያፈስ ገንዳ ይዘው ይቀመጡ አይባልም።

ከሁሉ የላቀው ግኝት የሰር ፒተር ቪገርስ የዳክዬ ቤት ነው። ኩሬ ላይ የሚንሳፈፍ፣ በ18ኛው ክፍለ ዘመን የስዊድን ሕንፃ አምሳል የተሠራ፣ ዋጋው 1,645 ፓውንድ። ሒሳብ ክፍሉ አይፈቀድም ብሎ መለሰው። ሰር ፒተር በኋላ እንዳስረዱት ዳክዬዎቹም ቤቱን አልወደዱትም። ባገላበጥነው ሰነድ ሁሉ፣ የቀረበላቸውን ጥቅማ ጥቅም በገዛ ፈቃዳቸው የተዉ ሌሎች ወገኖች አላጋጠሙንም።

ከዚያ ጥቂቶች ታሰሩ፣ ብዙዎች ገንዘብ መለሱ፣ አፈ ጉባኤው ማይክል ማርቲንም ሥልጣን ለቀቁ። አፈ ጉባኤ ተገፍቶ ሲወጣ ከ1695 ወዲህ የመጀመሪያው ነበር።

የ1695ቱ ሰው፣ ሰር ጆን ትሬቨር፣ የራሱ ምዕራፍ ይገባዋል። የለንደን ከተማ ወላጅ አልባ ልጆችን የሚመለከት ሕግ እንዲያልፍ ላደረገው ትብብር ከከተማው 1,000 ጊኒ ተቀብሏል። ነገሩ ሲወጣ፣ በምክር ቤቱ ደንብ መሠረት ጥፋተኛ ነው የሚለውን ሐሳብ ለድምፅ የሚያቀርበው አፈ ጉባኤው ነውና ራሱ ቆሞ አቀረበው። አለፈ። በቀጣዩ ስብሰባ ሆዱን ቆርጦት መምጣት እንዳልቻለ ጽፎ ላከ፤ ለጥናታችን የሕክምና ክፍል መነሻ የሚሆን መረጃ ነው። ምክር ቤቱ አባረረው። ደርቦ የያዘውን ከፍተኛ የዳኝነት ሹመት ግን የነካበት አልነበረም፤ እስከ ሞተበት እስከ 1717 ድረስ በሰው ክርክር ላይ ሲፈርድ ኖረ።