ግድግዳም ዕድሜ ተቆረጠለት

ወገኖቼ፣ በዚህ በስዊስ አገር ለግድግዳ እንኳ ዕድሜ ተቆርጦለታል። የአከራዮችና የተከራዮች ማኅበራት ተስማምተው ባወጡት ሰንጠረዥ ተራ የግድግዳ ቀለም 8 ዓመት ይኖራል ተብሎ ተጽፏል። ቤት ስትለቁ ላበላሻችሁት የምትከፍሉትም በቀረው ዕድሜ ልክ ነው። እኔ ስንት ዓመት እንደቀረኝ የነገረኝ የለም፤ የግድግዳው ግን በጽሑፍ አለ!

በእኛ ጊዜ ግድግዳ ግድግዳ ነበር። ጭቃው ከጭድ ጋር ይቦካል፣ ጎረቤት በደቦ ወጥቶ እየዘፈነ ይመርጋል፣ በእበት ይለቀለቃል፣ ደህና ጌታ ከሆነ ኖራ ይቀባል፤ አለቀ። የዘላለም ግድግዳ! ክረምት በወጣ ቁጥር መሰንጠቁ፣ በየእንቁጣጣሹ እንደገና መለቅለቁ፣ ዝናብ የመታው ጎን መናዱ፣ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።

አሁን ልጄ ዙሪክ ያለውን ቤቷን ልትለቅ ነው። ሳሎኗ ውስጥ የተሰቀለው የላሊበላ ሥዕል ፊሸሩን ብቻ ሳይሆን ልስኑንም ገንጥሎ ወረደ። ሥዕሉን ከነከባድ እንጨቱ የሰጠኋት እኔ ነኝ፤ በደንብ ይያዝ ብዬ ወፍራሙን ፊሸር የመረጥኩትም እኔ ነኝ። እንግዲህ ያቺን ታህል ሥዕል መሸከም ያቃተው የዘመኑ ግድግዳ ነው ጥፋተኛው።

ጄኔቫ ያሉ እኩዮቼ “የጥርስ ሳሙና ጠቅጥቅበት” ብለው መክረውኝ ነበር። ብልሃት ማለት ይህ ነው። የልጅ ልጄ ግን ሰምቶ ሳቀብኝ። “አያቴ፣ እሱ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ቆይቶም ቢጫ ይሆናል” አለኝ። ልጁ ቀለም ቀቢነት እየተማረ ነው፤ ትምህርቱ 3 ዓመት ይፈጃል። ግድግዳ ለመቀባት ሦስት ዓመት! በዚህ ዕድሜ ስንቱ ዳዊት ደግሞ ይጨርስ ነበር።

የተማረውን ልንገራችሁ። ግድግዳውን በጣቱ እያንኳኳ ያዳምጣል፤ ባዶ ድምፅ የሰጠውን ልስን ሁሉ ያረግፋል። ስንጥቁን ይደፍናል ብዬ ስጠብቅ በስፓቱላ ጥግ እየፋቀ ጭራሽ ያሰፋዋል! እስቱኮው ሥር እንዲይዝ ነው አሉ። አቧራውን ይጠርጋል፣ በስሱ ይሞላል፣ ያደርቃል፣ ይደግማል። በአንዴ ወፍራም ከተሞላ ሲደርቅ ጎድጎድ ይላል ይለኛል። በላዩ ላይ የዙሪክ ግድግዳ አብሪብ የሚሉት፣ እንደ ቆሎ ፍሬ ፍሬ ያለ ልስን ነው። ልሙጥ ይሁን ካላችሁ ከጥግ እስከ ጥግ እስቱኮ መልበስ አለበት። እኛ ጄኔቫ ክሬፒ የምንለው ሸካራ ልስንስ? እሱንስ ለምደነዋል።

ልስላሴው ደግሞ እንደ ተማሪ ቤት ከአንደኛ እስከ አራተኛ ደረጃ ወጥቶለታል። ለአራተኛው ደረጃ ልጁ መጋረጃ ዘግቶ፣ አምፖል ከግድግዳው ጎን አስጠግቶ ጥላ ይፈልጋል። እስቲ አሁን ማን ነው ሳሎን ገብቶ ጉንጩን ግድግዳ ላይ ለጥፎ የሚያይ? የዘመኑ ሰው ጉድለት ፍለጋ መብራት ይዞ ይዞራል። ከመስኮቱ ሥር የነበረችውን ጉብታ ግን እኔ ነኝ ያገኘኋት፤ እሱ ከነሦስት ዓመቱ አልፏት ነበር።

አንድ ነገር ላይ ብቻ አልተከራከርኩም። ቤቱ ከ1990 እ.ኤ.አ. በፊት የተሠራ ከሆነ በድሮው እስቱኮና በሰድር ማጣበቂያው ውስጥ አስቤስቶስ ሊኖር ስለሚችል፣ ሳይመረመር በብርጭቆ ወረቀት አይፈገፈግም። ብናኙ ሳንባ ይጎዳል። እንዲህ ያለውን ጥንቃቄ ቀድማ ያሰበችው የእኔዋ ጄኔቫ ናት። በ1921 እ.ኤ.አ. የዓለም ሥራ ድርጅት ጉባኤ እዚያው ተቀምጦ፣ ከጥቂት ቦታዎች በቀር ነጭ እርሳስ ያለበት ቀለም ለቤት ውስጥ ግድግዳ እንዳይውል የሚከለክል ስምምነት አወጣ። ዙሪክ ምን አሰበች? ቆሎ ግድግዳ!

ይኸው እስቱኮው ደርቋል፤ ገና መፈግፈግ፣ ገና ፕራይመር ይቀራል። ፕራይመር ካልገባበት የተጠገነው ቦታ ቀለሙን እየጠጣ እንደ መጣፊያ ይታያል አለኝ፤ ልክ ሳይሆን አይቀርም። እሑድ እንዳንሠራ ጎረቤት አለ። ስለዚህ ዙሪክ ያላችሁ ወገኖች፣ እስከ ቅዳሜ ደህና አምፖል አበድሩን። የእኛው ብርሃኑ ደክሟል፤ በበሩ በኩል ሌላ ጉብታ ሳትኖር አትቀርም።