ተራራው ከባሕር ይጀምራል

የተወለድኩት ሽሮ ሜዳ ነው። ይህን የምናገረው ለትውውቅ ሳይሆን ለክብሬ ነው። የእናቴ ማድቤት ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር ከፍ ብሎ የተቀመጠ ነው። ስለዚህ የሜዲትራኒያን ዳርቻ ሰው አንገቱን ቀና አድርጎ «ያ ተራራችን ነው» ባለ ቁጥር፣ እኔ ሽንኩርት ከሚከተፍበት ቦታ ሆኜ ቁልቁል የማየው ይመስለኛል።

እህቴ ያገባችው ስፔን፣ አሊካንቴ ክፍለ ሀገር ነው። አንድ ኅዳር ልጠይቃት ስሄድ የባሏ አባት ሊቀበሉኝ መጡ። ጡረተኛ ናቸው፤ ቅዳሜ ተራራ ካልወጡ እሑድን ታመው የሚውሉ ዓይነት ሰው። እህቴ «አባባ» ትላቸዋለች፣ እኔም ተከተልኳት። ገና ሻንጣዬን ሳላስቀምጥ፣ ቅዳሜ ፑች ካምፓና ጫፍ እንደሚያወጡኝ አስታወቁኝ።

«ስንት ሜትር ነው አባባ?»

«1,406!»

ጨዋ ሰው ነኝና ምንም አልተናገርኩም። እህቴ ግን ፊቴን አይታ በአማርኛ «አፍህን እንዳትከፍት» አለችኝ።

ቁመት ከተነሣ አንድ ቅሬታ አለኝ። እኛ ተማሪ ቤት ራስ ዳሸንን 4,620 ሜትር ብለን ነው በቃላችን የያዝነው፤ ያልያዘ ተገርፏል። አሁን 4,550 ነው ይሉናል። ሰባ ሜትር ተራራ የት እንደገባ የጠየቀ የለም፣ የተገረፈውንም የካሰ የለም።

ወደ ስፔን ልመለስ። ፑች ካምፓና የአሊካንቴ አንደኛ ተራራ አይደለም። አንደኛው አይታና ነው፣ 1,558 ሜትር። ግን አይታና ጫፍ ላይ አየር ኃይሉ ራዳሩን ተክሎ አጥሮታል፤ ጫፉን ልንካ የሚል ሰው ከአጥሩ ይመለሳል። ስለዚህ ጫፍ ላይ ቆሞ ፎቶ መነሣት የሚፈልግ ሁሉ ወደ ሁለተኛው ይጎርፋል። ሁለተኛ መውጣት እንዲህ ሲያስከብር ያየሁት እዚህ ብቻ ነው።

ሽማግሌው እንደነገሩኝ ድሮ አይታና የሚወጣው ለእንጀራ ነበር። ክረምት ላይ በረዶውን ትልልቅ የድንጋይ ጉድጓድ ውስጥ እየጠቀጠቁ ያከማቹትና፣ በጋ ሲመጣ ሌሊት ሌሊቱን በበቅሎ ጭነው ባሕር ዳር ላሉት ከተሞች ያወርዱት ነበር። ይህ ይገባኛል። በእኛም ሰፈር እንጦጦ የሚወጣው ወይ እንጨት ሊያመጣ ነው፣ ወይ ጠበል ሊጠመቅ። ያልገባኝ የዛሬዎቹ ናቸው፤ ባዶ እጃቸውን ወጥተው ባዶ እጃቸውን ይወርዱና እጅግ ደስ ብሏቸው ይጨባበጣሉ።

ቅዳሜ ሳይነጋ ከፊኔስትራት መንደር በላይ ካለችው ፎንት ዴል ሞሊ ከምትባል ምንጭ ደረስን። ሽማግሌው ኮዳቸውን ሞልተው የእኔንም ሞሉ። ከዚያ በላይ ጠብታ የለም፤ ተራራው የኖራ ድንጋይ ስለሆነ የዘነበበትን ሁሉ ይጠጣዋል። ከምንጯ እስከ ጫፉ ያለው አቀበት ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ነው። የቆላና የደጋ ሰው ሒሳብ የሚለያየውም እዚህ ላይ ነው። የእኔ 2,500 ሜትር በውርስ የመጣ ነው፤ እናቴ ወለደችኝ፣ አገኘሁት። ከዚያ በላይ ያለውን የእንጦጦን ከፍታ ታክሲ ነው የሚሸፍንልኝ። የእነዚህ ሰዎች ተራራ ግን ከባሕር ይጀምራል፤ እያንዳንዷን ሜትር በጉልበታቸው ነው የሚከፍሏት። እኔም ያን ቀን ከእነሱ እኩል መክፈል ጀመርኩ።

የመንገዱ ምልክት ድንጋይ ላይ የተቀባ ነጭና ቢጫ ቀለም ነው። ሁለቱ መሥመሮች ከተመሳቀሉ «በዚህ አይደለም» ማለት ነው። ከቀለሙ ይልቅ የሚፈታተነው ሽታው ነው። ተራራውን በሙሉ የጥብስ ቅጠልና ጦስኝ ወርሶታል፤ ሲረግጡት እንደ ቅዳሜ ከሰዓት ሥጋ ቤት ይሸታል። ሰው ባዶ ሆዱን አቀበት እየወጣ፣ ከሥጋው በቀር ሁሉም በተሟላ ጥብስ ውስጥ ማለፍ የለበትም።

የተራራ ሰው ሰላምተኛ ነው። ከታች ባሕር ዳር፣ ቤኒዶርም ከተማ መንገድ ላይ ፊቱን የሚያዞረው ሰው እዚህ «ኦላ» ሳይል አያልፍም። እኔ ደግሞ ሰላምታ እንዴት እንደሆነ የማውቅ ሰው ነኝ፤ ቆሜ፣ እጄን ዘርግቼ፣ እንዴት እንዳደሩ፣ ቤተሰብ ደህና መሆኑን መጠየቅ ያዝኩ። ትንፋሽ መሰብሰቢያም አደረግኩት። አንድ ጎልማሳ ግን ከሰላምታው በኋላ ሀገሬን ጠየቀኝ።

«ኢትዮጵያ።»

«ኢትዮጵያ! ገብረሥላሴ! በቀለ!» ብሎ ጮኸና ጓደኞቹን ወደ ዳር ገፍቶ መንገድ ለቀቀልኝ።

ነገሩን ልብ በሉ። ይህ የቫሌንሲያ ግዛት ነው፤ ሕዝቡ ስለ ሯጭ እንደ እኛ ነው የሚያወራው። ለተሰንበት ግደይ የ5,000 ሜትርን ክብረ ወሰን እ.ኤ.አ. በ2020፣ የግማሽ ማራቶንን ደግሞ በ2021 በ1 ሰዓት ከ2 ደቂቃ ከ52 ሰከንድ የሰበረችው እዚያው ቫሌንሲያ ከተማ ነው። እንግዲህ አምስት ሰው ጥግ ይዞ፣ ስልኩን አውጥቶ፣ የኃይሌን ወገን ሩጫ ሊያይ ቆሟል። ምን ላድርግ? ለሀገሬ ስል ሮጥኩ። እስከ መታጠፊያው ድረስ ሮጥኩ። ከታጠፍኩ በኋላ አንዲት ጥድ ሥር የሆንኩትን ጥዷ ታውቀዋለች። ሽማግሌው በዝግታ፣ በትራቸውን እየተመረኮዙ፣ ኦቾሎኒ እየቆረጠሙ ደረሱብኝ። ከዚያ ወዲያ ለጠየቀኝ ሁሉ ከሌላ ሀገር ነኝ አልኩ። የየትኛው እንደሆነ አልጽፈውም፤ ጎረቤቶቻችን ናቸው፣ እነሱም ይሮጣሉና ብዙ አልጠቀመኝም።

«ስንት ይቀራል አባባ?»

«ትንሽ ነው።»

ይህችን መልስ አውቃታለሁ። ገጠር ሄዶ መንገድ የጠየቀ ሁሉ ያውቃታል፤ ገበሬው በአገጩ እየጠቆመ «እዚችው ናት» ይልህና ፀሐይ ትጠልቅብሃለች። እንዲህ ዓይነቱን ውሸት የእኛ ብቻ አድርጌ እኮራበት ነበር። ድንጋዩ እየተንሸራተተ ሁለት እርምጃ ስወጣ አንዱን በሚመልሰኝ ገደል ላይ «ትንሽ ነው» ደጋግሞ ተነገረኝ፤ የሚወርዱትም ሁሉ፣ ተማክረው እንደመጡ፣ ያንኑ አሉ።

ጫፉ ላይ ግን እውነትም የሚታይ ነገር አለ። ባሕሩ እግር ሥር ነው። የቤኒዶርም ፎቆች ቆመዋል፤ በስተሰሜን ምሥራቅ የቤርኒያ ተረተር ይታያል። እዚያ የስፔኑ ንጉሥ ፌሊፔ 2ኛ እ.ኤ.አ. በ1562 ምሽግ አሠርቶ ነበር፤ የልጅ ልጁ እንኳ ሳይነግሥ በልጁ ዘመን ፈረሰ። ተረተሩን ከወዲህ ወዲያ የሚያሻግረው ጠባብ ዋሻ በእንብርክክ የሚታለፍ ነው ሲሉኝ፣ ለሌላ ጊዜ ይሁን አልኩ።

ሽማግሌው ያወጡኝ ለሌላ ነገር ኖሯል። ተራራው ከሁለተኛው ጫፉ ላይ አራት ማዕዘን ሆኖ፣ በቢላ እንደተቆረጠ ጎድሏል። ባሕሩ መካከል ደግሞ አንዲት ትንሽ ደሴት አለች። ሮልዳን የሚባል ግዙፍ ሰው ነበር አሉ። የሚወዳት ሴት ታመመችና፣ የዛሬዋ ፀሐይ ስትጠልቅ ትሞታለች ተባለ። ፀሐይዋ ከተራራው ጀርባ ልትገባ ስትል ሮልዳን ጫፉን ቆርጦ ጣለው፤ ብርሃን በቀዳዳው ገብቶ ጥቂት አብሯት እንዲቆይ። የተቆረጠው ባሕር ገብቶ ደሴቷን ሆነ።

ሽማግሌው ይህን ሲነግሩኝ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። እኔ ግን የከተማ ልጅ ነኝና ያሰብኩት ስለ ይዞታው ነበር። ተራራው የፊኔስትራት ነው፣ ደሴቷ የቤኒዶርም። ይህ ነገር እኛ ሀገር ቢሆን ሁለቱ ወረዳዎች እስከ ሰበር ሰሚ ይካሰሱ ነበር።

«የሀገርህስ ተራራ?» አሉኝ እንባቸውን ጠርገው። «የትኛውን ወጥተሃል?»

«እንጦጦን።»

«በእግር?»

ነፋሱ ኃይለኛ ስለነበር ጥያቄው አልተሰማኝም።

ወርደን መንደሩ ውስጥ ካለች ቡና ቤት ገባን። የዚያ አገር ሰው የረፋድ ምግቡን እንደ ዋዛ አያየውም፤ ክንድ የሚያህል ዳቦ በሥጋ ታጭቆ፣ ወይራ፣ ኦቾሎኒ፣ ወይን፣ በመጨረሻም በእሳት የተለበለበ ሮም ያለበት ቡና። ጾመ ነቢያት ሊገባ ጥቂት ቀን ቀርቶት ነበርና ወደኋላ አላልኩም። ባለቤቱ ሀገሬን ጠየቀ። አፌ ዳቦ ስለጎረሰ ሽማግሌው መለሱልኝ።

«ኢትዮጵያ? ጫፉን በስንት ሰዓት ወጣው?»

ሽማግሌው በየእሑዱ የሚቆርቡ ሰው ናቸው። ዓይናቸውን ሳያሹ «ከአንድ ሰዓት ብዙም አልፈጀበት» አሉ።

ቤቱ ጸጥ አለ። ባለቤቱ ወደ ጓዳ ተጣርቶ ልጁን አመጣው፤ እግሩ ቀጭን፣ የሩጫ ጫማ ያደረገ ወጣት። ነገ ጎህ ሲቀድ አብሮኝ መለማመድ እንደሚሻ ነገረኝ።

«ነገ እሑድ ነው» አልኩት። «ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ።»

«ሰኞስ?»

በጣቴ ቆጠርኩ። ኅዳር 12። «ሰኞ ሚካኤል ነው» አልኩት፤ ደግሞም እውነቴን ነው።

«ማክሰኞስ?» አለ ልጁ፣ ወንበር ስቦ አጠገቤ እየተቀመጠ።