የመታመሚያ ዋጋ

ከገላን ወደ አዲስ አበባ ሲገቡ አቃቂን አልፎ ቃሊቲ ማረሚያ ቤት አለ፤ ቂሊንጦም ሩቅ አይደለም። ስንቅ ይዞ ደጁ ላይ የሚሰለፈውን ቤተሰብ ያየ ሰው የእስር ሒሳብ ማን ዘንድ እንደሚመጣ አይጠፋውም። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 21 እስረኛን ሐኪሙ ሊጎበኘው ይችላል ይላል። የሐኪሙን ታክሲ ማን እንደሚከፍል ግን አይናገርም፤ ሕግ ሁሉን ነገር አያስብ!

«ፈረንጅ አገር ይሻላል» የሚል ካለ ቴክሳስ ይሂድ። እዚያ አብዛኛው እስረኛ ያለ ደመወዝ ይሠራል። አሞኛል ብሎ ሐኪም ሲጠይቅ ግን ለአንድ ጉብኝት 13 ዶላር ከ55 ሳንቲም ይጻፍበታል። ሳንቲሟ ደስ ትላለች፤ ተጨንቀው እንዳሰሉት ታሳብቃለች። ደግሞም አትማረሩ፣ ቅናሽ ነው፤ እስከ 2019 እ.ኤ.አ. ድረስ ዋጋው በዓመት 100 ዶላር ነበር። ደግነቱ፣ ኪሱ ባዶ የሆነ ሕክምና አይከለከልም። እናቱ ገንዘብ ስትልክለት ግማሹ ለዕዳው ይቆረጣል እንጂ።

የተባበሩት መንግሥታት በ2015 እ.ኤ.አ. ያጸደቀው የማንዴላ ደንብ፣ ቁጥር 24 ላይ፣ የእስረኛ ሕክምና በነጻ ይሁን ይላል። ደንቡን ማንበብም በነጻ ነው።