ቻግኒ የሚታጠፍ ኪኒን

ድምፄ በሻከረ ቁጥር ዳንግላ ውስጥ ሐኪም ያልሆንኩት እኔ ብቻ መሆኔን እረዳለሁ። «ምን ወሰድክ?» ይላል የመምህራን ክፍሉ በአንድ አፍ። አንዱ ጥሬ እንቁላል ያዛል፤ አንዷ ጥቁር አዝሙድ በማር። ሦስተኛው ግራ ቀኙን አይቶ ከቦርሳው የኪኒን ጠርሙስ ብቅ ያደርጋል። «ከአሜሪካ የመጣ ነው።» ከዚህ ወዲያ ክርክር የለም።

እኔም ማመስገን ጀምሬያለሁ። አሜሪካ እኮ በፈረንጆች 1994 በወጣ ሕጓ አምራቹ እንዲህ ያለውን የምግብ ማሟያ «ይሠራል» ብሎ ለመንግሥት አስቀድሞ ሳያስመሰክር እንዲሸጥ ፈቅዳለታለች። ጠርሙሱም ጨዋ ነው፤ ከጀርባው በደቃቅ ፊደል «በሽታ ለማከም አልተሠራሁም» የሚል ኑዛዜ አለው። ትሕትና ነው ብለን አለፍነው። የአገልግሎት ጊዜው በ2024 ማለፉም ችግር የለውም፤ በእኛ አቆጣጠር 2024 ገና አልገባም።

ከሁሉ የሚደንቀኝ የኪኒኑ መንገድ ማወቅ ነው። የድምፅ አውታሮች ያሉት ማንቁርት ውስጥ፣ በአየር ቧንቧ አናት ላይ ነው። የሚዋጥ ነገር በምግብ ቧንቧ ይወርዳል፤ ያን ጊዜ አውታሮቹ ይገጥማሉ፣ ክዳንም ይደፋባቸዋል። ጠብታ ከተሳሳተች ትንታ ነው። የእኛ ኪኒን ግን ለባሕር ዳር ተሳፍሮ እንጅባራ ላይ ማንም ሳያየው ወደ ቻግኒ ይታጠፋል። «በደም ዞሮ ይደርሳል» የሚሉኝ አሉ። ይድረስ፤ ጥፍርም ጋ ይደርሳል። ደርሶ ምን ሠራ?

ሠርቷል ካላችሁ በጠርሙስ መስፈሩ ለምን? ዞኑ በኩንታል ያስመጣና መጀመሪያ ለእንጅባራ መናኸሪያ ረዳቶች ያድል። በሳምንቱ «ዳንግላ! ዳንግላ!» የሚለው ጥሪ ዳንግላ ድረስ ይሰማል። ዳንግላዎች ዳንግላ ቁጭ ብለው ወደ ዳንግላ ሲጠሩ ግራ ይገባቸዋል፤ ጥሪ አክባሪው ግን እንጅባራ ድረስ ሄዶ ወደ ዳንግላ ይሳፈራል። የዳንግላው ረዳት እልህ ይዞት ሁለት ፍሬ ይውጥና እንጅባራን በሌላ ስሟ «ኮሶበር!» ብሎ ይጠራል፤ እንጅባራዎች ግልብጥ ብለው ይመጣሉ። መኪኖቹ ጢም ብለው ይተላለፋሉ፤ ሁሉም ማታ ቤቱ ነው፣ ታሪፉ ግን ተከፍሏል። ጥር 23 የአገው ፈረሰኞች በዓል ላይ የሚሆነውንማ ማሰብ አልደፍርም፤ አንድ ፈረሰኛ ውጦ ከፎከረ ፈረሶቹን የምንሰበስበው ዘንገና ሐይቅ ዳር ነው። የፋግታ ከሰል አክሳዮችም ከጭሱ ፈቀቅ ማለት ሳያሻቸው ጠዋት ማታ ይዋጡ። እንጥል ቆራጮች ሥራ ይፈታሉ፤ ይቺን ጥቅም እንኳ ከልቤ እቀበላለሁ።

ማሩን ብሉ፤ ጣፋጭ ነው፣ ሳልም ያስታግሳል። ጠርሙሱ ግን ያናድደኛል። መምህር ድምፁ የሚሻክረው ቀኑን ሙሉ እየጮኸ አውታሮቹ ስለሚቆጡ፣ ሲብስም እባጭ ስለሚያወጡ ነው። ለዚህ ዝም ማለት፣ ውኃ መጠጣትና ድምፅን ሳይጎዱ መናገር መለማመድ ይጠቅማል፤ ዝምታ ግን ከአሜሪካ ስለማይላክ የሚያዝልኝ አጣሁ። አራት ሳምንት አልፎት ያልተሻለው ሰው ማንቁርቱን የአንገት በላይ ሐኪም ይየው። የማንቁርት ካንሰርም በድምፅ መጎርነን ሊጀምር ይችላል፤ ቶሎ ከተደረሰበት ብዙ ጊዜ ይድናል። ጠርሙሱ የሚበላው ይህንኑ ጊዜ ነው፤ 60 ፍሬ፣ በቀን አንድ፣ ሁለት ወር።