ማን ነው የነካው?

ያገለገለ መኪና የገዛ ሰው መጀመሪያ የሚያገላብጠው ሊብሬውን ነው። ከማን ወደ ማን እንደተላለፈች፣ የሞተሯና የሻንሲዋ ቁጥር ስንት እንደሆነ፣ ሁሉም በማኅተም ተረጋግጦ ተጽፎላታል። የመካኒኮቿ ስም ግን የትም የለም። የኔዋ ኮሮላ ከጃፓን የወጣችው በፈረንጆቹ 1980ዎቹ ማብቂያ ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ ኮፈኗ ሥር ያጎነበሰውን ሰው ሁሉ ቢሰበስቡት የቀበሌ አዳራሽ ይሞላል። አንዳቸውንም በመልክ አላውቃቸውም። በሥራቸው ግን አውቃቸዋለሁ፤ መካኒክ ፊርማውን የሚያኖረው ብሎን ላይ ነውና።

በዚህ ከተማ ኮፈን ከፍቶ አንገቱን ያስገባ መካኒክ ሁሉ በአንድ ዓይነት ጥያቄ የሚጀምረው ለዚህ ይመስለኛል። "ምን ሆነችብህ?" አይልም። ትንሽ ያያል፣ ከንፈሩን ይመጣል፣ ራሱን ይወዘውዛል፤ ከዚያ ቀና ብሎ "ይሄን ማን ነው የነካው?" ይላል። መልስ ፈልጎ አይደለም። ከዚያ በኋላ የሚሰበረው፣ የሚጎድለውና የሚዘገየው ሁሉ በዚያ ባልታወቀ ሰው ሒሳብ እንዲመዘገብ ፋይል መክፈቱ ነው። "ከኔ በፊት የሠራት ሰው ጎበዝ ነበር" ያለ መካኒክ እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። ቢያጋጥመኝም አላምነውም፤ መኪናዬን ይዤ እሄዳለሁ።

ጣጣው የመጣው ወደ ሽሮ ሜዳ ሽቅብ ስንወጣ ነው። የሙቀት ቀስቷ ከመሐል ተነሥታ ወደ ቀዩ ተጠጋች፤ ጥቂት ቆይቶ ከፊቷ እንፋሎት ተነሣ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ስለተቀመጠች ውኃ እዚህ የሚፈላው 100 ዲግሪ ሳይደርስ፣ 92 ላይ ገደማ ነው። ራዲያተር ግጥም ብሎ የሚከደነው ውኃው ታምቆ ቶሎ እንዳይፈላ ነው። የኔዋ ክዳን ደህና ነበር። እስክትበርድ ጠበቅኩና በየመንገዱ እያሳረፍኩ ወደ ሰፈር መለስኳት።

ጎረቤቴ ጋሼ ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሾፌር ናቸው። አሰብ ወደባችን በነበረበት ዘመን ኤንትሬ ፊያት እየነዱ፣ በሚሌና በማንዳ አቋርጠው፣ ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ ሲመላለሱ የኖሩ ሰው ናቸው። በዚያ በረሃ መኪና ሲበላሽ መካኒኩ ሾፌሩ ራሱ ነው። የራዲያተሩን የላይኛና የታችኛ ጎማ ቱቦ በእጃቸው ዳሰስ ዳሰስ አደረጉና "ልጄ፣ ቴርሞስታቷ ተዘግታ ቀርታለች" አሉኝ። ቴርሞስታት ውኃው 82 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ተከፍታ ወደ ራዲያተሩ የምታሳልፍ ትንሽ በር ናት። "ሁለት ባለ 10 ብሎን ነው የያዛት። ቡናው በረካ ሳይደርስ እንጨርሳለን።"

የመጀመሪያው ብሎን በጨዋ ደንብ ወጣ። ሁለተኛው ግን ገና ሲያዩት ክፉ ነው። ስድስቱም ማዕዘኑ ተበልቶ ክብ ሊሆን ምንም አልቀረው። ጋሼ መነጽራቸውን አውጥተው እንደ ፍርድ ቤት ወረቀት አነበቡት። "ይሄ ጎን በባለ 11 መፍቻ የሞከረው ሰው ነው። ይሄኛው የፒንሳ ጥርስ ነው፤ መፍቻ ያልነበረው። ይሄ ደግሞ ካቻቢቴ ደግኖ በመዶሻ የቀጠቀጠው፤ ተስፋ የቆረጠው ነው።"

ከነዚህ ሁሉ በላይ የጎዳን ግን ብሎኑን ጨርሶ ያልነካው ሰው ነው፤ ራዲያተሯን በቧንቧ ውኃ የሞላው። ብሎኑ ብረት ነው፤ የተቀበረበት ቴስታታ አሉሚኒየም። በሁለቱ መሐል እርጥበት ሲገባ ባትሪ ውስጥ የሚካሄደው ዓይነት ሥራ ይጀመራል። አሉሚኒየሙ እየተበላ ወደ ነጭ ዱቄት ይለወጣል፤ ዱቄቱም ከተበላው አሉሚኒየም የሚበልጥ ቦታ ስለሚፈልግ በብሎኑ ጥርስ መሐል እየታጨቀ ይቆልፈዋል። ኩላንት ውስጥ ይህን የሚከላከል ቅመም አለ። ነገር ግን ኩላንት ውኃ እንዳይረጋ የሚያደርግ ነገር ነው ተብሎ ስለሚታወቅ፣ "በረዶ በሌለበት አገር ምን ያደርጋል?" የሚል ክርክር በየጋራዡ አለ። ቴርሞስታትንም በዚሁ ክርክር ነቅለው የሚጥሉ አሉ። የኔዋን አለመንቀላቸው ምሕረት ነው ስል ለካ ብሎኑ እምቢ ብሏቸው ኖሯል።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባላል። ሃምሳ ሰው ለአንድ ብሎን ምኑ እንደሆነ የተረተ አባት ግን አልሰማሁም። እኛ ሰፈር ኮፈን ተከፍቶ ከታየ ሌላ ጥሪ አያስፈልግም። ዘበኛው መጣና ነጭ ጋዝ ይፍሰስበት አለ። ሊስትሮው ፍሬን ዘይት ይሻላል አለ። እትዬ ከበረንዳቸው ሆነው "ኮካ አፍስሱበት፣ እኔ የመጸዳጃ ቤቱን ቧንቧ በሱ ነው ያስለቀቅኩት" አሉ። የኬሚስትሪ ተማሪ የሆነው ልጃቸው ኮካ ፎስፎሪክ አሲድ እንዳለውና ዝገት እንደሚያላላ አብራራልን። ሐሰት አልተናገረም። ነገር ግን አሲዱ የሚያውቀው የብረትን ቀይ ዝገት ነው፤ የኛ ደግሞ የአሉሚኒየም ነጭ ዱቄት ነው፤ ለዚያውም ማደር ይፈልጋል። ኮካው ግን መጣ። ዘበኛው ጠጣው።

እኔ ደብሊው ዲ 40 ነበረኝ። ይህ ዘይት የተፈለሰፈው በ1953 እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያ ውስጥ በሳንዲያጎ ከተማ ነው። ሮኬት ኬሚካል የሚባል ትንሽ ኩባንያ ዝገት የሚከላከል ነገር ሲፈልግ ያገኘው ሲሆን፣ አትላስ የተባለው ሚሳይል ገላው እንዳይዝግ ይቀባ የነበረው በሱ ነው። ቁጥሩ 40 የሆነው ውኃ የሚያባርረው ቅመም የተሳካው በ40ኛው ሙከራ ስለሆነ ነው። እነዚያ ሰዎች 39 ጊዜ ሳይሳካላቸው ቀርቶ ወደ ሥራቸው ተመልሰዋል። የኛ ሰፈር ሕዝብ ሁለተኛውን ሙከራ ለመጠበቅ ትዕግሥት አጣ።

ጋሼ የሚሉት ሌላ ነው። "መጀመሪያ አጥብቀው። ትንሽ ብቻ፣ ነቅነቅ እንዲል። ከዚያ አናቱን በመዶሻ ነካ ነካ አድርገው። ዘይቱን ስጠውና ይደር።" ወደ ማጥበቂያው በኩል ትንሽ ሲሄድ ቅርፊቱ ይሰነጠቃል፤ መዶሻው ሲያንቀጠቅጠው በስንጥቁ ዘይት ይገባል፤ ዘይት ደግሞ የሚጓዘው በራሱ ሰዓት ነው። "አሰብ መንገድ ላይ ብሎን እምቢ ሲለን እራታችንን በልተን እንተኛ ነበር። ጠዋት ይለቃል። የቸኮለ ሰው ግን የሚሰብረውን ሰብሮ እዚያው ጅብ ሲያዳምጥ ይከርማል።"

"ይደር" የሚለው ሐሳብ ድጋፍ አላገኘም። ጂም የሚሠራው የሰፈራችን ልጅ የሆነ ቦታ ሄዶ ነበርና ረጅም የውኃ ቧንቧ ይዞ ተመለሰ። መፍቻው ክብ የሆነውን አናት አልይዝ ስላለ ከልኩ ያነሰ ቡሽላ በመዶሻ አስገድዶ አጠለቀለትና ቧንቧውን ለጎመበት። ባለ 10 መፍቻ የሚፈታው ብሎን ግንዱ 6 ሚሊ ሜትር ነው። እንዲህ ያለው ብሎን በደንቡ የሚጠብቀው 10 ኒውተን ሜትር አካባቢ ነው፤ አንድ ሜትር በሚረዝም መፍቻ ጫፍ ላይ አንድ ኪሎ ስኳር ማንጠልጠል ማለት ነው። ልጁ ከኪሎ ስኳር በላይ ነበር። ጋሼ "ተው አንተ!" ሲሉና "ቀጭ!" የሚለው ድምፅ ሲሰማ እኩል ሆነ።

"ተፈታ!" አለ ልጁ ቧንቧውን እንደ ዋንጫ ከፍ አድርጎ። ቡሽላው ውስጥ የብሎኑ አናት ብቻውን ተቀምጧል። ያን ጊዜ ሁሉም ሰው የሚሄድበት ነበረው። ሊስትሮው ደንበኛ ትዝ አለው፣ እትዬ ወጥ አረረባቸው፣ ተማሪው ፈተና ነበረበት። ልጁ ራሱ ቧንቧውን ለባለቤቱ ለመመለስ እንደወጣ ቀረ።

በማግሥቱ በገመድ ተጎትታ ጋራዥ ገባች። መካኒኩ ከወገቡ ጎንበስ አለ፣ ከንፈሩን መጠጠ፣ ራሱን ወዘወዘ። "ወንድሜ፣ ይሄን ማን ነው የነካው?" መኪናዋ ከተሠራች ጀምሮ ይህ ጥያቄ ከነአድራሻው፣ ከነክብደቱና ጂም ከሚገባበት ሰዓት ጋር መልስ የተገኘለት ያን ቀን ነበር። እኔ ጋሼን አየሁ። ጋሼ የጋራዡን ቆርቆሮ ጣሪያ አዩ። "የድሮ ነገር ነው፣ ልጄ" አሉት። የሰፈራችን ልጅም በዚያች ቅጽበት ስማቸው ከማይታወቀው ሠራተኞች ማኅበር ተቀላቀለ።

ጥያቄው እውነተኛ መልስ የነበረው ዘመን አለ። በእንግሊዝ አገር እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ እያንዳንዱ ወርክሾፕ የብሎን ጥርስ የሚያወጣው በገዛ ራሱ ልክ ነበር። የአንዱ ብሎን የሌላው ዳዶ ውስጥ አይገባም፤ ጥርሱን ያየ ባለሙያ የማን እጅ እንደሆነ ለይቶ ያውቀዋል። ጆሴፍ ዊትዎርዝ የተባለው መሐንዲስ በ1841 እ.ኤ.አ. የየወርክሾፑን ብሎን ሰብስቦ አማካዩን ከለካ በኋላ የጥርሱ ማዕዘን ለሁሉም 55 ዲግሪ ይሁን አለ። አሜሪካኖቹ በኋላ 60 አደረጉት፤ ዛሬ የምንጠቀምበት የሜትሪክ ብሎንም 60 ነው። ሥራው ዓለምን ጠቅሟል። የኔ ብሎን ከናጎያም ይምጣ ከምናለሽ ተራ፣ ልኩ አንድ ከሆነ ይገባል። በዚያው ልክ የሠሪው እጅ ከብሎኑ ላይ ጠፋ፤ የቀረው የአበላሺው ብቻ ነው።

ልኩም ቢሆን ሙሉ በሙሉ አንድ አልሆነም። ግንዱ 8 ሚሊ ሜትር ለሆነ ብሎን ጃፓኖች የሚሰጡት አናት ባለ 12 ሲሆን የጀርመኖቹ ባለ 13 ነው። ለቮልስ የተገዛ መፍቻ ቶዮታ ላይ የሚያደርሰውን ጥፋት ከዚህ መገመት ነው። የጃፓን መስቀለኛ ብሎንና የአሜሪካው ፊሊፕስም ለዓይን መንታ ናቸው፤ ቅርጻቸው ግን ስለሚለያይ የአንዱ ካቻቢቴ በሌላው ላይ እያንሸራተተ መስቀሉን ወደ ጉድጓድ ይለውጠዋል። እኛ አገር ደግሞ ሁሉም መኪና፣ ሁሉም መፍቻ፣ አንድ ሣጥን ውስጥ ነው።

መካኒኩ፣ ሐቁ ይነገርና፣ እጁ ወርቅ ነው። ረዳቱ የተሰበረውን መሐሉን በስቶ ግራ ጠምዛዥ አውጪውን ሊከትበት ሲነሣ ከለከለው። ያ መሣሪያ በጣም የጠነከረ ብረት ስለሆነ ውስጥ ገብቶ ከተሰበረ ተራ መሰርሰሪያ አይነካውም፤ አንዱ ችግር ሁለት ይሆናል። ይልቅ ከቴስታታው ጥቂት ብቅ ባለው ጉማጅ ላይ ዳዶ አስቀመጠና በዳዶው ቀዳዳ በኩል በየደው። አዲስ አናት ተሠራለት ማለት ነው። የብየዳው ሙቀት ሌላም ሥራ ይሠራል፤ አሉሚኒየም ሲሞቅ ከብረት እጥፍ ያህል ስለሚሰፋ ቀዳዳው ብሎኑን ትንሽ ይለቀዋል። ትኩሳቱ በረድ ሲል የሻማ ሰም አስነካው፤ ሰሙ ቀልጦ በጥርሶቹ መሐል ሰረገ። ከዚያ በመፍቻ ግማሽ ወደፊት፣ ግማሽ ወደኋላ፣ እንደገና ወደፊት። ምንም አልተጣደፈም። ጋሼ ከጀርባው ቆመው በየዙሩ ራሳቸውን ይነቀንቁ ነበር።

ወጣ። ነገር ግን ብቻውን አልወጣም፤ የአሉሚኒየሙን ጥርስ ነጭ ዱቄቱን እንደለበሰ ይዞ ወጣ። ቀዳዳው ለባለ 6 ብሎን ሰፋ። መካኒኩ በባለ 8 ማስኪዮ አዲስ ጥርስ አወጣለት፤ እኔ ሶማሌ ተራ ተልኬ ባለ 8 ብሎን፣ ቴርሞስታት፣ ጓርኒሲዮንና ኩላንት ገዛሁ። የቴርሞስታቷን ቤት ጆሮም በስቶ አሰፋውና ሁሉም በቦታው ገጠመ።

የቀረው ማጥበቅ ነበር። ጋሼ ከኪሳቸው በጋዜጣ የተጠቀለለች ግሪስ አወጡ። "ጥርሱን ቀባ አድርገው፣ ልጄ። ነገ የሚፈታው ሰው አለ። ብዙም አታጥብቀው።" ምክራቸው ሳይንስ አለው። ብሎን ስናጠብቅ ከምናወጣው ጉልበት ዕቃውን ጨምቆ ለመያዝ የሚውለው 10 በመቶ ያህሉ ነው፤ ሌላውን የአናቱና የጥርሱ ፍትጊያ ይበላዋል። የዛገውንና የደረቀውን ብሎን ያለ የሌለ ኃይልህን ተጠቅመህ ብታጠብቀው ከዝገቱ ጋር ታገልክ እንጂ ዕቃውን አልያዝክም።

መካኒኩ ግሪሱን በጨዋነት ተቀብሎ ባትሪው ላይ አስቀመጠው። ከዚያ ወደ ጥግ ሄዶ ቧንቧ ይዞ መጣ። ከሰፈራችን ልጅ ቧንቧ ይረዝማል። መፍቻው ላይ ሰካው፣ እግሩን መከላከያው ላይ ደገፈ፣ ትንፋሹን ይዞ ደረቱን ጣለበት፤ አንድ ጊዜ፣ ደግሞ ሌላ። ላቡን በክንዱ ጠርጎ ወደ እኔ ዞረና ሥራውን የሚወድ ሰው ፈገግታ ፈገግ አለልኝ።

"አይዞህ ወንድሜ" አለኝ፤ "ከእንግዲህ ይሄን ማንም አይፈታውም።"

ዋስትና መስጠቱ ነበር። ሒሳቡ ላይም አስቦታል።