ቁጥርማ ዱሮ ቀረ

እናንተ የዘመኔ ሰዎች፣ ጤፉም ቅቤውም እንደ ዱሮው አይደለም ስንል ከርመን፣ ለካ ቁጥርም ተበላሽቷል!

ዱሮ 142857ን የመሰለ ጨዋ ቁጥር ነበረ። በ2 ብታባዙት 285714፣ በ3 ብታባዙት 428571። እስከ 6 ድረስ ያው ነው፤ እነዚያው ስድስት አሃዞች ሰልፋቸውን ሳያፈርሱ፣ እንደ ጽዋ ማኅበርተኛ ተራ በተራ ወደ ፊት ይወጣሉ። በ7 ስታባዙት ግን 999999 ብሎ ቁጭ! ምስጢሩ 1 ለ7 ሲካፈል ከነጥቡ በኋላ የሚመላለሰው እሱው መሆኑ ነው። በእኛ ጊዜ ይህን በቃሉ የማይወጣ ተማሪ አልነበረም። በ7 ማባዣ የቀመስሁት አለንጋ ምስክሬ ነው።

መርሴን የሚባል ፈረንሳዊ መነኩሴ ደግሞ በ1644 እ.ኤ.አ. አንድ ጉድ አመጣ። 67 ሁለቶች ተባዝተው 1 ሲቀነስ የሚገኘው 147,573,952,589,676,412,927 ብቸኛ ቁጥር ነው፣ ከ1ና ከራሱ በቀር አካፋይ የለውም አለ። ተሳስቷል። ሉካ የሚባል የአገሩ ሰው በ1876 እስኪያፈርሰው ድረስ ግን 232 ዓመት ኖረ። ዱሮ ስሕተት እንኳ ዕድሜ ነበረው! ዛሬ እኔ አፌን ሳልገጥም የልጅ ልጄ ከስልኩ አንብቦ ያርመኛል።

ሉካ አካፋይ አለው አለ እንጂ እነማን እንደሆኑ አላወቀም። በ1903 ፍራንክ ኔልሰን ኮል የሚባል አሜሪካዊ በሒሳብ ሊቃውንት ጉባኤ ፊት ወጥቶ፣ ቃል ሳይተነፍስ፣ 193,707,721ን በ761,838,257,287 በጠመኔ አባዛ። ያው ባለ 21 አሃዝ መጣ። ተጨበጨበለት፤ ሄዶ ተቀመጠ። ምን ያህል ፈጀብህ ቢሉት የሦስት ዓመት እሑዶች አለ ይባላል። (ሰንበት መሻሩን እንዳላየሁ አልፌዋለሁ።) እንዲህ ያለ ትዕግሥት ዛሬ ከየት ይመጣል? እኔ ራሴ ላረጋግጥ ወረቀትና እርሳስ ይዤ ተቀምጬ ነበር። ሦስተኛው መስመር ላይ ስደርስ ቡና ቀረበና በስልኬ ጨረስሁት። ትክክል ነው።

አሁን ደግሞ በ2024 እስከዚያ ከታወቁት ሁሉ የሚበልጥ ብቸኛ ቁጥር ተገኘ ይሉናል፤ 136,279,841 ሁለቶች ተባዝተው 1 ሲቀነስ። አሃዙ 41,024,320! በየሰከንዱ አንድ አሃዝ ብጠራ፣ ሳልተኛ ሳልበላ 475 ቀን ገደማ ይፈጅብኛል። ያገኘው ሰው በቃሉ አይወጣው፣ በጠመኔ አይጽፈው፤ ማሽን ነው ያሰላለት። ሰው ያላየው ቁጥር ምኑ ቁጥር ነው? ቢሆንም የመጨረሻው አሃዝ 1 መሆኑን ራሴ በጣቴ ደርሼበታለሁ፤ ሌት እንቅልፍ ነሥቶኝ ነበር።

ይሄ ሁሉ ሳያንስ፣ ልጆቹ ለስልክህ የምስጢር ቁጥር አብጅለት ብለው ነዘነዙኝ። አበጀሁለት፣ ማንም የማይደርስበት፤ ስድስት አሃዝ ነው፣ በ7 ሲባዛ 999999 የሚመጣው።