ያልታጠበ ጥቅል

ፊልም ውድ ነው የሚሉኝ ሰዎች ሒሳቡን ሁልጊዜ ከመግዣው ይጀምራሉ። መግዣውስ ይሁን፤ ባሕር ማዶ ያለ ዘመድ ሻንጣው ውስጥ ወሽቆ ያመጣልሃል። ጣጣው ማሳጠቢያው ነው፤ ያውም አገርህ ፍኖተ ሰላም ከሆነ።

ካሜራዬ ዜኒት ነው፤ የሩሲያ ሥሪት፣ ባትሪ የማይጠይቅ፣ ሲጫኑት እንደ በር መቀርቀሪያ ቋ የሚል። አንድ ጥቅል 36 ፎቶ ነውና እያንዳንዷን ሳሰላስል እውላለሁ። አክስቴ ጥልፍ ቀሚሷን ለብሳ፣ ነጠላዋን አስተካክላ ጎተራው ሥር ቆመችልኝ። ቋ እንዳለ «በል አሳየኝ» ብላ ካሜራውን ተቀበለችኝና ገለበጠችው። ጀርባው ጥቁር ቆርቆሮ ነው። «ታዲያ የታለሁ?» ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይኸው ነው። መታጠብ አለበት አልኳት። «እንግዲያ ዛሬውኑ አሳጥበህ ና!»

ሄድኩ። ፎቶ ቤቱ ሞልቷል፤ ለመታወቂያ ጉርድ የሚነሳው፣ የሰርግ ፎቶ ከስልኩ የሚያሳትመው። ድሮ እኮ ፎቶ አንሺው 36ቱ እስኪሞላለት ደንበኛውን ያመላልስ ነበር፤ ያም ቢሆን ፎቶው አንድ ቀን ይመጣል። የፎቶ ቤቱ ልጅ ጥቅሉን ተቀብሎ አገላበጠው። «ይሄ በምን ይገባል ጋሼ?» አይገባም፣ ይታጠባል አልኩት። ተራ የምትጠብቅ አንዲት እናት በነጠላዋ አፏን ሸፈነች። ስለ ጨለማ ክፍል ላስረዳው አፌን ስከፍት፣ እሱ ወጣ ብላ የቀረችውን ጫፍ ይዞ ሳብ! ክንድ የሚያህል ፊልም መስኮቱ ፊት ተዘረጋ። ወደ ብርሃኑ አነሳና ዐይኑን አጥብቦ አየው። «ባዶ ነው ጋሼ» አለኝ፣ ከልቡ አዝኖልኝ። ሰልፈኛው ሁሉ አንገቱን አሰገገ። አንድ ሽማግሌም ጠጋ ብለው አዩና «እውነቱን ነው፣ ምንም የለበትም» ብለው መሰከሩ። እጄን እንደዘረጋሁ ቀረሁ። መጀመሪያ የተነሱት ፎቶዎች የሚጠቀለሉት ከውጭ በኩል ነው፤ ያቺ ብርሃን የበላት ክንድ ሙሉ ፊልም አክስቴ ነበረች።

በልጁ አልፈርድም፤ ከየት ይወቀው? ከለር ፊልም የሚታጠበው ኬሚካሉ 38 ዲግሪ ላይ ሆኖ፣ በመጀመሪያው ኬሚካል ለ3 ደቂቃ ከ15 ሰከንድ ብቻ ነው። ኬሚካሉ ደግሞ አንዴ ከተበጠበጠ ሠሩበትም አልሠሩበትም ይበላሻል። ብዙ ጥቅል የማይመጣለት ማጠቢያ ማሽን ለባለቤቱ ዕዳ ነው። ኮዳክን የሚያህል የፊልም ድርጅት እንኳ በ2012 እ.ኤ.አ. ኪሳራ አውጇል። ስለዚህ የእኔ አንድ ጥቅል ወደ 390 ኪሎ ሜትር ተጉዞ አዲስ አበባ ይወርዳል፤ የሰው እግር ይጠብቃል፤ ተመልሶ ይመጣል።

ለአገራችን የሚያዋጣው ጥቁርና ነጩ ነው ባይ ነኝ። እሱ 20 ዲግሪ ይበቃዋል፤ የፍኖተ ሰላም የጠዋት ውሃ ከዚያ ብዙ አይርቅም። ብርሃን የማያስገባ ጓዳና የጣት ትዕግሥት ካለ ሰው ቤቱ ያጥበዋል። ድካሙ ደግሞ የሚክስ ነው። የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ የነበሩት አቶ ሽመልስ ደስታ ያነሷቸውን ፎቶዎች ዛሬ የምናየው ነጋቲቮቹ በእጅ የሚያዙ፣ የሚሸሸጉ ነገሮች ስለነበሩ ነው። ስልክ ግን ሲሰበር ይዞት የነበረውን ሁሉ ይዞ ይሄዳል።

ማታ ለአክስቴ ፊልሙ ተቃጠለ አልኳት።

«ማን አቃጠለኝ?» ብላ ብድግ አለች። ነገሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሰማችኝና ወደ ጓሮ ወጣች፤ ቀሚሱ ገመድ ላይ ተሰጥቷል።

«እኔስ ታጥቤያለሁ» አለችኝ። «እስኪደርቅ ሌላ ጥቅል ፈልግ።»